ጋሽ ዘለቀ የወጋን ሰዎች

የጋሽ ዘለቀን ሞት የነገረችኝ ትንሿ ልጁ ናት፤ ያውም በስልክ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ሳነሣው «አስቴር፣ ዳዲ ፓስድ ዚስ ሞርኒንግ» አለችኝ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተጠራርቶ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም አዙሮ ነው የሚነገረው። ልጅቷ ግን እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደችው፤ ምን ታድርግ። አሁን ሳስበው አባቷም እንዲያ ቢነገርለት ይወድ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተድበሰበሰ ነገር አይሆንለትም ነበር።

ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሱፐርቫይዘሬ መጥቶ ዘመድሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዘመዴ አይደለም። በልጅነቴ መርፌ የወጋኝ ሰው ነው። ይህን ለፈረንጅ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

ከአሰላ ወዲያ ባለችው ትንሽ ከተማችን ጋሽ ዘለቀ ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ በወረቀት ከሐኪም በታች፣ በሕዝቡ ዓይን ግን ከሐኪም በላይ የሆነ ሰው ነው። ሐኪም ይመጣል፣ ዓመት ሳይሞላው ተዛውሮ ይሄዳል፤ ዘለቀ ግን ሁልጊዜ አለ። ነጭ ጋወኑን ለብሶ በገበያ ሲያልፍ ነጋዴው ብድግ ይልለታል፤ እኛ ልጆች ደግሞ በየጓሮው እንበተናለን። እናቶቻችን ሊያስፈራሩን ሲፈልጉ «ጅብ መጣ» አይሉም፤ «ዘለቀ መጣ» ነው የሚሉት።

ሰላም የሚልበት የራሱ መንገድ ነበረው። እጅ ሲጨብጥ ጣቶቹ ቀስ ብለው ወደ አንጓ ይሄዱና የደም ሥር ምት ይቆጥራሉ። ሰውዬው ስለ ዝናቡ ሲያወራለት እሱ በልቡ እየቆጠረ ነው። አሜሪካ መጥቶም አልተወውም። ኤደን ፕሬሪ ከተማ አብረን በሠራንበት መጋዘን ውስጥ ያሉ የሜክሲኮ ሰዎች የአገራችን ሰላምታ መስሏቸው እነሱም አንጓውን ይይዙት ነበር።

ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ እንደገና የተገናኘነው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ እንደገቡ። የሕክምና ዕቃ ነው የምናሽገው፦ ጓንት፣ ፋሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዴ ተወግቶባቸው የሚጣሉ የፕላስቲክ ሲሪንጆች። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ከማዶ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲሪንጅ ከነማሸጊያው አንሥቶ ወደ መብራቱ ሲያስጠጋ አየሁና በአያያዙ አወቅሁት። «ድሬሰር!» ብዬ ጮህኩ። ዞሮ አየኝና «የማን ልጅ ነሽ?» አለ። የእናቴን ስም ስነግረው እጄን ጨብጦ ጣቶቹን አንጓዬ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ «ደህና ነሽ፤ ትንሽ ፈጠን ብሏል» አለኝ።

ሁለታችንም ብሩክሊን ፓርክ ነበር የምንኖረው። የእሱ መኪና ብርድ ሲነካት አልነሣም ስለምትል በእኔ መኪና ነበር የምንሄደው። አንድ ስድሳ ዘጠኝ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ስንት ነገር አውርቶኛል! የማይጥመው ነገር ቢኖር ዝምታ ነው። ሲሪንጁን ባሰበ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይላል፤ «አየሽ አስቱ፣ ስንቱን ነው በቀን የምናሽገው። አንዲት ካርቶን እንኳ ያኔ ብትኖረኝ!» ይልና መስኮቱን ማየት ይጀምራል። እኔ የድህነታችን ነገር ቆጭቶት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ደም የሚሰጥበት ቀን ሆነ። እኛ ሐበሾች አንድ በአንድ ወደ ሽንት ቤት ጠፋን። ጋሽ ዘለቀ ብቻ እጅጌውን ሰብስቦ ቀድሞ ተሰለፈ። «ዕድሜ ልኬን ስወጋ ኖሬ ዛሬ ብሸሽ ነውር ነው» እያለ ይስቅብናል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፖስታ ደረሰው። ደምህን አንቀበልም፣ ሐኪም ጋ ሂድ የሚል። ይህን ያወቅሁት ግን ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ደብዳቤውን ከመኪናዬ መቀመጫ ሥር አገኘሁት። ወርውሮት ይሁን ወድቆበት አላውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ቆሻሻ ነው፤ ጣይው።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› እያልክ ስንቱን ገበሬ ስትቆጣ የኖርክ ሰው! አንተ አይደለህም እንዴ?»

ተናደደብኝ። ቤቱ ስንደርስ የመኪናውን በር ድርግም አድርጎ ወረደ። በማግስቱ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ቀበቶውን እያሰረ «አፖይንትመንት ያዢልኝ፤ የእነሱ ስልክ ላይ ቁጥር ጫን፣ ቁጥር ጫን ሲሉኝ ይምታታብኛል» አለኝ።

ያዝኩለት፤ አብሬውም ገባሁ። ሄፓታይተስ ሲ ነው ተባለ፤ ጉበት ውስጥ ተቀምጦ ዓመታት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ የሚበላ ቫይረስ። በደም ነው የሚተላለፈው። ሐኪሟ ደም ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ፣ አደንዛዥ ዕፅ ወስደህ ታውቃለህ ወይ እያለች ስትጠይቅ እሱ ጣቱን ያያል። በኋላ ቀና ብሎ «መርፌ ስንት ጊዜ ወግቶኛል፤ ክዳኑን ስመልስ» አለ። እሷ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እሱ ግን ከዚያ ጥያቄ ሳያልፍ ቀረ።

የዚያን ዘመን ሕክምና እንዳሁኑ አልነበረም። በሳምንት አንድ መርፌ፣ ከዚያ ላይ ጠዋትና ማታ ኪኒን፤ አርባ ስምንት ሳምንት። መርፌው ሰውነትን እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ዓርብ ከሥራ መልስ ይወጋና ቅዳሜና እሑድን ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ሰኞ ሥራ ይገባል። ይህም ሁሉ ተደርጎ ከሁለት ሰው አንዱ ላይድን ይችላል ተብሎ ተነገረው።

በመጀመሪያው ዓርብ እቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ እትዬ ጸሐይ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። ጋሽ ዘለቀ ሸሚዙን ገልቦ መርፌውን ይዞ ተቀምጧል፤ ወደ ሆዱ ያስጠጋዋል፣ መልሶ ያርቀዋል። ያ ከተማ ሙሉ የሚሸሸው ሰው መርፌ ፈራ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አለኝ። «ነይና ያዢው በይ። ሆዴን ቆንጥጪ። አትፍሪ፣ ቀጥ አድርገሽ። እኔ አላይም።»

ዓይኑን ጨፈነ። ወጋሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ የእኔ ሥራ ሆነ።

ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነው መኪና ውስጥ ነገሩን ያወጣው። ሰውነቱ መንምኗል፤ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ደሙን የሚያሳንሰው ኪኒኑ ነው። በረዶ ይዘንብ ስለነበር መንገዱ ተዘግቶ ቆመናል።

«ማጅራት ገትር የገባ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ወግቻለሁ» አለ ድንገት። «የነበሩኝ ስድስት የመስታወት ሲሪንጆች ናቸው። በላምባ ምድጃ እየቀቀልኩ ነበር፤ ላምባው አለቀ። ሰልፉ እስከ ገበያው ድረስ ነው። ያንኑ መርፌ በአልኮል ብቻ እየጠረግሁ ከሰው ወደ ሰው ቀጠልኩ። ባልወጋቸው ይሞቱ ነበር አስቱ። እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ታዲያ?»

«የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ጉንፋን ይዞት የመጣው። ደከመኝ ያለው። ኪኒን ስሰጠው ‹ዘለቀ ናቀኝ› ብሎ አኩርፎ ይሄዳል። መርፌ ካልወጋ ምን ሐኪም ነው ይላሉ፤ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በዚያው መርፌ ያንን ቀዩን ቫይታሚን እወጋዋለሁ። ደስ ብሎት፣ መርቆኝ ይሄዳል። አያስፈልገውም እኮ! ለምን ወጋሁት? እንዲወዱኝ ነው።»

ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ ከኋላ ጡሩንባ ነፉብኝ።

«እኔንስ?» አልኩት።

«ሦስት ጊዜ» አለ ወዲያው፤ ለማስታወስ እንኳ አላሰበም። «ሦስቱም ቫይታሚን ነው። እናትሽ ‹ልጄ እህል አልበላ አለች› እያለች ታመጣሽ ነበር። ቴስት አድርጊ፤ አደራሽን።»

«አደርጋለሁ» አልኩት። አላደረግሁም። ጤነኛ ነኝ፣ ከባድ ካርቶን አነሣለሁ እያልኩ ለራሴ አወራ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቢገኝብኝ ለእሱ እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው? ዓርብ ዓርብ ሆዱን የምቆነጥጠው እኔ ነኝ።

የከተማችን ተወላጆች ማኅበር በዓመት አንዴ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ ምግብ ቤት ጀርባ፣ አንዲት አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። ሰብሳቢያችን አቶ ደምሴ አገር ቤት አስተማሪ፣ እዚህ ባለታክሲ የሆነ፣ ለአጀንዳ ሟች ሰው ነው። መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚባለው ሲደርስ ጋሽ ዘለቀ እጁን አወጣ። ሰው ወንበሩን ማንቀሳቀስ፣ ኮቱን መልበስ ጀምሮ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ የጉበት ቫይረስ ተገኝቶብኛል» አለ። «ሲ የሚባለው ነው። በምግብ አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ በመርፌ ነው። በእኔ መርፌ የተወጋችሁ ሁላችሁ ተመርመሩ። ቀድሞ ከተደረሰበት ሕክምና አለው። ለእናንተ ብዬ ያደረግሁት ነው፤ ግን አድርጌዋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ይቅር ይበልህ» የሚል ሰው ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። የተነሣው አቶ ደምሴ ነው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ስብሰባ ላይ የሚነገር አለ፤ የማይነገር አለ» አለ። «እኛ ጤነኞች ነን። ይሄ ወሬ ቢወጣ የዚህን ከተማ ልጅ ማን ያገባዋል? አገር ቤት አድነኸን እዚህ ልታዋርደን ነው?»

ሰው አጉረመረመ፤ ከአቶ ደምሴ ጋር ነው ያጉረመረመው። እኔም የነበርኩበት ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ብቻ፣ ሦስት ልጆቿን በእሱ እጅ የወለደች ሴት፣ ስትወጣ አጠገቡ ቆም ብላ «እኔን ስንቴ ወጋኸኝ?» ብላ ጠየቀችው። ነገራት። አመስግናው ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይነደኛል። አንድ ክርስትና ላይ ሁላችንም በየትሪው ዙሪያ ተሰብስበን ስንበላ፣ ለጋሽ ዘለቀ ለብቻው ሳህን መጣለት። «ለአክብሮት ነው» ተባለ። አክብሮት! «ለሐኪም ድሮም ለብቻው ነው የሚቀርበው» ብሎ ቀለደና በላ። እጁን የሚዘረጋለትም አነሰ፤ የሚዘረጋም ቶሎ ይነጥቃል፤ አንጓ የሚደርስበት ጊዜ አይሰጠውም።

መርፌው ደግሞ መንፈስንም ይሰብራል። ሐኪሟ አስጠንቅቃን ነበር። አንድ ቀን አንድ ስድሳ ዘጠኝ ላይ በፍጥነት እየነዳሁ ሳለ «አስቱ፣ አሁን ይሄን በር ከፍቼ ብወርድ ያልቅ ነበር አልኩ በልቤ» አለኝ፤ ቀለል አድርጎ፣ ስለ አየር እንደሚያወራ። በሮቹን ሁሉ ቆለፍኩና እጁን ያዝኩት። ሥራ አልሄድንም፤ በቀጥታ ክሊኒክ ወሰድኩት። ለድብርቱ ሌላ ኪኒን ተጨመረለት። «መርፌውን አቁመው» ብንለው ግን እምቢ አለ። «እኔ ካቋረጥኩ እነሱን ማን ጀምሩ ይላቸዋል?» ነው ያለው።

አርባ ስምንቱን ጨረሰ። ቫይረሱ አይታይም ተባለ። እትዬ ጸሐይ እልል አለች፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ስድስት ወር ቆይቶ ሲመረመር ተመልሶ ተገኘ። ሐኪሟ ለጊዜው ሌላ የለም፣ አዲስ መድኃኒት እየተሠራ ነው፣ ጠብቅ አለችው። «እኔስ እጠብቅ ነበር፤ ጉበቴ ይጠብቀኛል ወይ?» አላት። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው፤ ይህን ግን ራሱ በእንግሊዝኛ ነው ያለው። አሁን ኪኒን ብቻ ለጥቂት ወር ተውጦ አብዛኛው ሰው ይድናል ሲሉኝ ሐኪሟ «ጠብቅ» ያለችው ትዝ ይለኛል።

ጉበቱ አልጠበቀውም። ሁለት ዓመት እንደምንም ሠራ፤ ከዚያ ሆዱ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በኋላም ጉበቱ ላይ እባጭ ተገኘበት። በዚህ መሀል አንድ ቀን ስገባ ፊቱ በርቶ አገኘሁት። ወይዘሮ ፋጡማ ደውላለት ነበር። ከስብሰባው በኋላ በድብቅ ተመርምራ ተገኝቶባት፣ በድብቅ ዓመቱን ሙሉ ተወግታ፣ ድና ኖሯል። ለእሱ ብቻ ነው የነገረችው። «ከእሷ ጠፋ» አለኝ። «ከአንድ ሰው ጠፋ ማለት እኮ ቀላል አይደለም።» ከዚያ ትራሱ ላይ ተደግፎ አየኝ። «አንቺስ? ቴስት አደረግሽ?»

«አደረግሁ» አልኩት።

«እ?»

«ነጻ ነኝ።»

«ተመስገን!» አለና እጄን ይዞ አለቀሰ። እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ዋሽቼ እንዲያ ያስደሰትኩት ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት «የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊውም የምታነቢውም አንቺ ነሽ» አለኝ። ቀብር ላይ ለሚነበበው ማለቱ ነው። «‹ባደረባቸው ሕመም› የምትል ቃል እንዳትገባበት። ስሙን ጥሪው።»

ሲሞት ግን እንደ አፍ አልቀለለም። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ እትዬ ጸሐይ እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «አስቴርዬ፣ ልጆቼን አስቢልኝ። ‹ባደረባቸው ሕመም› በዪልኝ፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚባልለት። ምን አለበት?» አለችኝ። ትንሿ ልጅ ከሶፋው ላይ «ማም፣ ጀስት ሴይ ኢት! ኖ ዋን ኬርስ!» ብላ ጮኸች፤ ዝም ብለሽ በይው፣ ማንም ግድ የለውም ማለቷ ነው። እትዬ ጸሐይ «ላንቺ ነው የማያሳስበው፤ እኔ ነኝ ከሰው ጋር የምኖረው» አለቻት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ለማንም ቃል መስጠት አቅቶኝ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ለብቻው ሳህን ያቀረበለት ሰው ጥቁር ለብሶ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። ማንበብ ጀመርኩ፤ የትውልድ ቦታው፣ ትምህርቱ፣ ሥራው። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እትዬ ጸሐይን አየሁ። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «በጉበት ሲ ቫይረስ ምክንያት» ብዬ አነበብኩ። ድምፄ ለራሴ ባዕድ ሆነብኝ። ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን አላቆምኩም።

«እኔንም የወጋኝ እሱ ነው» አልኩ። «ተመርምሬያለሁ ብዬ ዋሽቼዋለሁ። አልተመረመርኩም። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ቀጠሮ ስይዝ ነርሷ መመርመር የሚፈልግ ሰው ካለ ይዘሽ ነይ ብላኛለች። የሚመጣ ይምጣ።»

ቄሱ ፍትሐቱን ቀጠሉ።

ማክሰኞ ስደርስ መኪና ማቆሚያው ባዶ መስሎኝ ነበር። ውስጥ ስገባ ግን አራት ሰው አለ። ጥግ ላይ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እጅጌውን ገና ሳይጠራ እስከ ትከሻው ሰብስቦ የተቀመጠው አቶ ደምሴ ነው። አላየሁሽም ለማለት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል ያጠናል። እኔም አላየሁትም። ተራችን እስኪደርስ ጎን ለጎን ቁጭ አልን።

የእሱ ውጤት ነጻ ወጣ፤ ደውሎ ነገረኝ። የእኔን ስነግረው ደስታውን ሊደብቅልኝ ሲታገል ይሰማኝ ነበር። የእኔ ነጻ አልሆነም፤ ቫይረሱ ተገኘብኝ። ከየት እንደያዘኝ ማንም ሊያውቅ አይችልም አለችኝ ሐኪሟ፤ ከጥርስ ነቃይም፣ ከሌላም ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል።

ማታ እትዬ ጸሐይ ደወለች። ከቀብሩ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። «ውጤትሽ መጣ?» አለች። ለአንድ አፍታ ያው ውሸት አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩትና እውነቱን ነገርኳት። «እንኳን ሞተ» አለች፤ «እንኳን ይሄን ሳይሰማ ሞተልኝ።» ስልኩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እኔም ለእሷ ስል እሺ አልኳት። ግን ሐሳቤ እንደዚያ አይደለም። መስማት ነበረበት። አውቀዋለሁ፤ ይሰማና ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል። ያለቅሳል። ብዙ ያለቅሳል። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ ቀና ይልና «መቼ ነው የምትጀምሪው?» ይለኛል።